የጥጉ ክፍል እንግዳ

እኔ ምንም ነገር አይረሳኝም፤ ክርስትና ስነሳ ቄሱ የለበሱትን ካባ ቀለም ልነግርሽ እችላለሁ! ሱሉልታ ለእረፍት ለሚመጡ ሰዎች የሚከራየውን ቤት ያለኝን ሁሉ አፍስሼ ስገዛ፣ ሻጩ "ጥጉ ክፍል ውስጥ አንዲት እንግዳ አሉ፤ እሁድ ይወጣሉ" አለኝ።

እሁድ አንኳኳሁ። ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ከፈቱልኝ።

"አካም ጂርታ ልጄ?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት ነሽ አሉኝ።

እኔን፣ የልጅ ልጅ ያየሁትን፣ ልጄ!

"እማማ፣ መቼ ነው የሚወጡት?"

"አንቺስ?"

"እኔማ ቤቱን ገዝቼው ነው።"

ሳቁብኝ። "ሁሉም እንደዚያ ይላሉ። ስትሄጂ ቁልፍሽን እዚህ ስቀዪው።"

ግድግዳው ሙሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ አንድ አዲስ ምስማር ብቻ ባዶ ነው። ሻጩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ!

ቤቴን ለማን ጥዬ ልሂድ? እዚሁ ነው የማድረው። አንቺ ማታ መልሰሽ ደውይልኝ፤ ሌላ አሮጊት ካነሳችው ግን የእኔም ቁልፍ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነውና ቶሎ ዝጊው!