ድምፁን ያልቀነሰው የተራራ ጣቢያ

በጦሩ የሳተላይት መገናኛ ማዕከል «ቀስ በሉ» ይሏታል። እናቷ ያወጡላት ስም መታወቂያዋ ላይ ብቻ ቀርቷል። ማዕረጓ ሃምሳ አለቃ ነው። በየበረሃውና በየተራራው የተበተኑት የጦር ጣቢያዎች በአንዲት ሳተላይት በኩል ሲነጋገሩ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይጋፋ ትጠብቃለች።

የሥራ ክፍሏ መስኮት የለውም። መሣሪያዎቹ ሙቀት ስለማይወዱ፣ ውጭ ፀሐይ አናት ሲበሳ እሷ በሹራብ ላይ ካፖርት ደርባ ትቀመጣለች። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ አረንጓዴ ጉብታ ሆኖ ይታያል፤ ጉብታዎቹንም እንደ ሰፈር ልጆች ለይታ ታውቃቸዋለች። ይሄኛው ይንቀጠቀጣል፣ ጄኔሬተሩ አርጅቷል፤ ያኛው ይሳሳል፣ ደመና ወርዶበታል።

ዝናብ ሲጥል የጣቢያው ድምፅ ይደክማል። ያኔ ኦፕሬተሩ የማሰራጫውን ኃይል ከፍ ያደርጋል፤ ደግ አደረገ። ጣጣው የሚመጣው ሲያባራ ነው። ዝናቡ ይሄዳል፣ ኃይሉ እንደተሰቀለ ይቀራል። የረሳው ሰው ምንም አይጎድልበትም፣ እንዲያውም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ አጠገቡ ያለው ግን ድምጥማጡ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስትል የምትውለው ለዚሁ ነው።

የተራራው ጣቢያ ኦፕሬተር ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ ሲበዛ ረሺ። በዚያ ክረምት በዚሁ ጥፋት ሁለቴ ተመዝግቦበታል። ወደ ማዕከሉ እንዲዛወር ተፈቅዶለት የወሩን መጨረሻ እየጠበቀ ነው፤ ሦስተኛ ከተመዘገበበት ግን ዝውውሩ ይሰረዛል፣ ሁለት ዓመት እዚያው ይቆያል። ጉልበታቸው የከዳቸው እናታቸው አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠግተው፣ እግር ኮቴ በሰሙ ቁጥር ቀና ይላሉ። ሁለት ዓመት ለሳቸው ብዙ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተራራው ጉብታ አበጠ። ደመናው ከተገፈፈ ቆይቷል፣ ኃይሉ ግን አልወረደም። ከጎኑ ያለችው የወንዝ ማዶ ጣቢያ፣ ትንሿ ጉብታ፣ ሥሩ ተቀበረች። በጆሮ ማዳመጫዋ ቁርጥራጭ ብቻ መጣላት፦ «...መኪና... ተገልብጦ... ቁስለኛ...» ከዚያ ጫጫታ።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ ሁለቴ ጠርተህ መልስ ካጣህ ጣቢያውን ዝጋ፤ የተዘጋ ጣቢያ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይመዘገባል።

ጠራችው። ዝም። ደግማ ጠራችው። ዝም።

አጠገቧ የተቀመጠው የተረኛ ጓደኛዋ ማዕረጉ አስር አለቃ፣ ቅጽል ስሙ «አዝማች» ነው፤ በማዕረግ ሳይሆን በማንጎራጎር ያገኘው ስም። ግጥም ሳይገጥም ስለማይውል፣ ማለዳ ስለዚሁ ስለ ረሺዎቹ፦

ተራራ ላይ ሆኖ ድምፁን ቢያበረታ፣
ከታች ያለው ጠፋ ቃሉ በጫጫታ

ሲል ነበር። አሁን አላንጎራጎረም።

«እሜቴ፣ ሻይ ጠጥተሽ ነይ» አላት ዝቅ ብሎ። «እኔም ፊቴን ታጥቤ ልመለስ። እስከዚያ ራሱ ይቀንሰዋል።»

«የወንዝ ማዶዎቹስ?»

«እነሱማ...» አለና እርሳሱን አነሳ።

ሦስተኛ ጠራችው። ደንቡ ላይ ሦስተኛ የሚባል የለም። መልስ ስታጣ ዘጋችው።

ትልቁ ጉብታ ሟሸሸ፣ ትንሿ ቀና አለች። የወንዝ ማዶው ልጅ ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ገባ፦ አራት ቁስለኛ፣ አንዱ አልነቃም፣ መንገዱን ጎርፍ ወስዶታል። ሄሊኮፕተር እንዲነሳ አስተላለፈች። አዝማች አቀርቅሮ እርሳሱን ይቀርጻል።

ወንድሟ በስልክ መስመር የመጣው የወንዝ ማዶው መልእክት ካለቀ በኋላ ነው።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ የዘጋሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከአንቴናው ሳህን ላይ ጭቃ ልጠርግ ወጥቼ ነው እኮ።»

«ይሆናል።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ትንሽ ይጠብቀኝ ነበር።»

«ሌላ ሰው ብትሆን ሦስቴ አልጠራህም ነበር» አለችው። «ኃይልህን አውርድና እከፍትልሃለሁ።»

አወረደ፣ ከፈተችለት። ያቺ ሦስተኛ ጥሪ ግን ወደ ቤት ስትሄድ አብራት ተሳፈረች። የወንዝ ማዶዎቹን ጊዜ ቆርሳ ነው ለወንድሟ የሰጠችው፤ እሱ ይህን አያውቅም፣ ቢያውቅም አይበቃውም።

ለእናቷ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «አይመጣም። አስቀሪውም እኔ ነኝ» ብላ ነገሩን ዘርዝራ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ያመጣችላቸው ሾርባ ቀዘቀዘ።

ጠዋት ስትነሳ ጫማቸውን አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጆቹ ተረፉ?» አሏት።

«ሦስቱ ተርፈዋል። አንዱ ገና ነው።»

እናቷ የጫማቸውን ማሰሪያ አጠበቁ። «በይ የአውቶቡስ ቲኬት ቁረጪልኝ። እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ በዚህ ጉልበት? ተራራ ነው እኮ።»

«ታዲያ ትሸከሚኛለሻ። ያንን ድብልብል ወንድምሽን ስትሸከሚ ኖረሽ እኔ እከብድሻለሁ?»

በዚያው ቀን ሻምበሉ ቢሮ ገብታ ፈቃድ ጠየቀች።

«ለምን ጉዳይ?» አላት ቀና ሳይል።

«እናቴን ወንድሜ ዘንድ ላደርስ።»

«የትኛው ወንድምሽ?»

«የዘጋሁት።»

ሻምበሉ ብዕሩን ይዞ ትንሽ አያት፣ ከዚያ ፈረመ።