የወንድሜ ራስ ልክ

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ቀጥቅጬ የማድረው ታላቅ ወንድሜ አስተምሮኝ ነው። በርሜል እንዴት እንደሚቀደድ፣ ምድጃ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ለድስት ክዳን ልክ እንዴት እንደሚወሰድ ያየሁት ከእሱ ነው። ደንበኛ ማባበልም እንደዚያው። ገና እጃችን ያልነካውን ሥራ ሊወስድ የመጣ ሰው ሲያፋጥጠን፣ ወንድሜ ዓይኑን ሳያሽ "ቅዳሜ ይደርሳል" ይለዋል። ሰውየው ዞር ሲል በዓይኑ ይጠቅሰኛል። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አይነገርም።

አምና ከጭነት መኪና ሲወርድ ያመለጠ በርሜል በጠርዙ መጥቶ ወንድሜን ከጆሮው በላይ መታው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ የወንድሜን ትምህርት የሚደግምልኝ መሰለኝ። ክብ ነገር ምቱን ለዙሪያው እያካፈለ ይችለዋል፤ ቀጭን ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ግን ወደ ውስጥ ይሰበራል። እዚያ ጋ ደግሞ አጥንቱ ስስ ነው። አንጎሉ ስላበጠ፣ መፈናፈኛ እንዲያገኝ የመዳፍ ያህል አጥንት አነሱለት። አጥንቱን እንዳይበላሽ ከሆዱ ቆዳ ሥር ቀበሩት፤ እብጠቱ ሲጎድል ይመለሳል ተባለ።

ተራ ስንጠብቅ ወራት አለፉ። ወንድሜ ሱቁ በር ላይ በርጩማ ይዞ ይውላል። ቀና ብሎ ሲቀመጥ የራሱ ጎን ይሰረጉዳል፤ ሲያስል ይነፋል፤ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ትር ትር ይላል። መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር በመዳፉ ይሸፍነዋል። የአንድ ሳንዱቅ ጥግ ቢነካው ያበቃለታል እያልኩ ሸክም ይዞ የሚያልፈውን ሁሉ ስቆጣ እውላለሁ። ነገረኛ ሆንኩ። ጎረቤቶቼ ሸሹኝ፤ አልፈርድባቸውም።

ቀጠሯችን ሲደርስ ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰ፤ የተነሳውን ፎቶ ደጋግሞ አየ። አጥንቱ ሆዱ ውስጥ ሟሙቶ አንሷል፤ ቢመለስም ቀዳዳውን አይሞላም አለን። ምትክ ከውጭ እስኪገኝ መጠበቅ ነው፤ መቼ እንደሚገኝ እሱም አላወቀም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ንጹሕ የማይዝግ ብረት አለኝ፣ እኔው ልቅረጽለት ብዬ ለመንኩት። አልተቆጣኝም። አይሆንም ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

በማግስቱ ሱቅ ስደርስ ወንድሜ ካርቶን ይዞ ጠበቀኝ።

"ለመርካቶ ሁሉ ክዳን ትሠራ የለ?" አለኝ። "ልኬን ውሰድ።"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ዘንበል አደረገልኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ካርቶኑን አስጠግቼ የጉድጓዱን ዙሪያ በእርሳስ አሰመርኩ፤ ከጣቴ ሥር ቆዳው ይመታል። ፈራሁ። እንባዬ ካርቶኑ ላይ ጠብ አለ።

"መቼ ይደርሳል?"

"ቅዳሜ፣ ጋሼ።"

ዘዴውን ያስተማረኝ እሱ ነውና እንደ ድሮው ይጠቅሰኛል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁ። አልጠቀሰኝም። ኮፍያውን አጠለቀና ወደ በርጩማው ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ።