የሳሙኤል አልጋና የበጎቹ ጤና

ከድሬዳዋ የወጣንበት ምሽት ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። ልጄ ሳሙኤል እንደ ሁልጊዜው አልጋዎቹን ተሸክሞ ግቢ አወጣ፤ በግንቦት ድሬ ላይ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው የለም። የእኔንና የታናሽ እህቱን የሜሮንን አልጋም አወጣ፣ እንደማንተኛበት እያወቀ። ጎረቤት እንዲያይ ነው።

አባታቸው ታስሮ ከቀረ በኋላ ቀበሌው እኔንም እየጠራ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሳሙኤል ደግሞ ለውትድርና የሚፈለግበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። ይዤው እንዳልሄድ፣ እሱን የመሰለ ጎረምሳ በየኬላው ከመኪና ያወርዱታል። ያሻገረችን የመልካ ጀብዱ ነጋዴ ኸዲጃ፣ «ሴትና ሕፃን አሳልፋለሁ፣ እሱን ግን አልችልም» አለችኝ። ስለዚህ ከእህቴ ከአልማዝ ጋር ቀርቶ ሰላም ያለው መንገድ ሲገኝ ሊከተለን ተስማማን። አልተላቀስንም። ጎረቤት ይሰማል።

በጀልዴሳ በኩል ስናልፍ ኸዲጃ እንደ ሙስሊም ሴት ሻሽ አስራልኝ ነበር።

«አቦ፣ ኬላው ጋ እንዳታማትቢ» አለችኝ። «በልብሽ አማትቢ።»

«በልብ እንዴት ይማተባል?»

«እሱ ያያል። ወታደሩ አያይም።»

እንዲያ አደረግኩ። አለፍን። ኸዲጃን አላህም እግዚአብሔርም ይባርካት።

ጅቡቲ ብዙ ቆይተን ስዊድን ተቀበለችን። ካፖርት ሰጡን፣ ትምህርት ቤት ሰጡን፣ ውለታቸውን አልረሳም። ነገር ግን እዚህ ፀሐይዋ ወጥታም አታሞቅም፣ እንጀራ የለም፣ ጎረቤት በደረጃ ላይ ሲያገኝሽ ግድግዳውን ያያል። ቤት የሚሰጠው ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ስንት ሰው ናችሁ?»

«ሦስት።»

እኔንና ሜሮንን ተመለከተን። «ሦስተኛው የት አለ?»

«ድሬዳዋ።»

«ድሬዳዋ ላለ ሰው አልጋ አንሰጥም።»

«ሲመጣ እኮ ደክሞት ነው የሚመጣው።»

አስተርጓሚው ሳቀ፣ ሹሙ አልሳቀም። ከሰነበተ በኋላ ግን አንድ ታጣፊ አልጋ ከገዛ ቤቱ አምጥቶ በር ላይ አስረከበኝና ሄደ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። እምቢ ብለውሽ ያመጡልሻል።

ሥራ ብለው የላኩኝ በግና ከብት የሚጠናበት ቦታ ነው። ጋጣ እጠርጋለሁ፣ ድርቆሽ አቀርባለሁ። ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ እንስሶቹ ይመቻቸው እንደሆነ ለማወቅ ነው አሉኝ። ቋንቋው ያልገባኝ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩ፤ ያንኑ ደገሙልኝ። ለላሞቹ ገላቸውን የሚያኩበት ብሩሽ ግድግዳ ላይ ተገጥሞላቸዋል። በጎቹ ደግሞ ላት የላቸውም፤ ያን ራሱ ጥቁር የሆነውን የጀልዴሳ በግ ላየ ሰው ተሠርተው ያላለቁ ይመስሉታል። ባለቤቴ የታሰረበትን ክፍል ስፋት የለካለት ሰው የለም፣ እዚህ ለበግ መተኛ ይለካል። ክፉ ነገር አይደለም። ግን ጥሩ ነው ብዬም ዝም ማለት አቃተኝ፤ የንስሐ አባቴን በደብዳቤ ልጠይቃቸው እያልኩ እስካሁን አልጠየቅኩም።

አጥኚዋ ኢንግሪድ ጠዋት ጠዋት «ሁር ሞር ዶም?» ትለኛለች። እንዴት ናቸው ማለት ነው። እኔም «ብራ፣ ታክ» እላለሁ፤ ደህና ናቸው፣ ተመስገን እንደማለት ነው። አንድ ቀን አንዲት በግ ፊት አቆመችኝ።

«ይህችም ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ትናንትም ደህና ናት ብለሽኛል። እግሯ እኮ ቆስሏል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ደህና ናት አልሽኝ?»

«ስለጠየቅሽኝ ነዋ።»

እኛ አገር አልጋ የያዘ ሕመምተኛ እንኳ መጀመሪያ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ነው ሕመሙን የሚያወራው፤ ይህንን ለማስረዳት ቋንቋ አጠረኝ። ኢንግሪድ አልተቆጣችም። ወስዳ በመስኮት አሳየችኝ። ያቺ በግ ብቻዋን ሆና አንገቷን ደፍታለች። ሰው ሲገባ ግን ቀና ብላ ቆመች። በግ ድካሟን አውሬ እንዳያይባት ሕመሟን ትደብቃለች አለችኝ። ስለዚህ፣ ደህና ናት ወይ ማለት አይበቃም፤ ታመሰኳለች ወይ፣ ከመንጋው ተለየች ወይ፣ ዛሬ የት ተኛች ብለሽ ነው የምታዪው።

ሥራውን ተማርኩ፣ ኢንግሪድን አመሰግናታለሁ። ያልተማርኩት ግን ትምህርቱን ጋጣው በር ላይ ትቶ መምጣትን ነው።

አልማዝን የማገኛት ድሬ ላለው ጎረቤታችን ለባለ ሱቁ ደውዬ፣ ተጠርታ ነው። መስመሩን ማን እንደሚሰማ ስለማይታወቅ ብዙ አናወራም። ባለፈው ግንቦት ደወልኩ።

«ደህና ነን እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሳሙኤልስ?»

«ደህና ነው።»

«እስቲ አቅርቢልኝ።»

«ወጣ ብሏል።»

ከዚያ በፊት ስደውልም ወጣ ብሎ ነበር። እንዴት ነው ማለቱን ተውኩት።

«ሙቀቱስ?»

«አይጣል ነው። ስንገላበጥ ነው የምናድረው።»

«ግቢ ተኝታችሁም?»

ሱቁ ውስጥ ሰው በሱማሊኛ ሲከራከር ይሰማኛል።

«ዘንድሮ ቤት ውስጥ ነው የምንተኛው።»

«በግንቦት?»

«ሜሮንዬ አድጋለች አይደል እትዬ? ትምህርቷስ?»

አልማዝ ወገቧን ያማታል፤ አልጋ የሚያወጣው እሱ ነው። እንግዲህ ወይ የሚያወጣው የለም፣ ወይ እዚያው አለና ከሰው ዓይን ተደብቆ ውስጥ ይተኛል። ወስደውት ከሆነ በሰላም እንዲመልስልኝ፣ ተደብቆ ከሆነ እንዲሰውርልኝ ነው የምጸልየው፤ የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁለቱንም እለምናለሁ። ለቁልቢው ገብርኤል የተሳልኩትም እንዲሁ በደፈናው ነው።

«እናንተስ እትዬ?» አለች፣ «እንዴት ናችሁ?»

ታጣፊው አልጋ ከፊቴ ነው። ማንም ሳይተኛበት አንሶላውን በየቅዳሜው እቀይራለሁ።

«ደህና ነን» አልኳት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን።»