ከደጅ የቀረ ዱላ

በሮብ ገበያ ዙሪያ ደምለውን ያለ ዱላው ማየት የሚወድ የለም። ደምለው መርዶ ነጋሪ ነው። ሐዘንተኛ እጁ የገባውን ይዞ ራሱን ስለሚመታ፣ በማለዳ መርዶ ይዞ ሲመጣ ዱላውን ከደጅ አቁሞ ይገባል። ወንድሟ የሞተባት ሴት አራስ ብትሆን መርዶውን ለሳምንታት አፍኖ መያዝም ያውቅበታል። የነገራቸው ሰዎች ግን አይለቁትም። ሲያርስም ሲጸልይም ያ የመጀመሪያው እሪታ ከጆሮው አይጠፋም።

ባለፈው ጥር ሚስቱን ያለምወርቅን ደብረ ማርቆስ ወስዶ አሳከማት። ከጡቷ እብጠት ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን የሰሙት እሱና ልጁ ሂዊ ብቻ ናቸው፤ ካንሰር ነው፣ ሕክምናው ቶሎ ይጀመር ተባለ። ደምለው የለመደውን አደረገ። ለሚስቱ «ውጤቱ አልደረሰም» አላት፤ ለራሱ ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ አለ።

ሂዊ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታጠናለች። በጾሙ አጋማሽ መጥታ ከበረቱ ጀርባ ያዘችው።

«አባዬ፣ በሰውነታችንም ውስጥ እንደ እርስዎ ያሉ አሉ» አለችው። «ሴል ትእዛዝ የሚያስተላልፈው አር ኤን ኤ በሚባል መልእክት ነው። መልእክቱን ይዘው የቱ ይነገር፣ የቱ ይቆይ፣ የቱ ይጥፋ የሚሉ ፕሮቲኖች አሉ። እነሱ ሲበላሹ ‹ተባዛ› የሚለው መጥፋት ሲገባው ይሰነብታል፤ ‹በቃ› የሚለው ታፍኖ ይቀራል። ካንሰር አንዱ መንገዱ ይኸ ነው።»

«እኔን መስደብሽ ነው?»

«አይደለም። እርስዎ የያዙት መርዶ መስሎዎታል። እማዬ እኮ አልሞተችም። ነገ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።»

ያን ቀን በደምለው ጆሮ የመጣው እሪታ የያለምወርቅ ነበር፤ ገና ያላሰማችው። እሱ ዝም ባለ ቁጥር እዚያ እብጠት ውስጥ ‹ተባዛ› እየተባለ መሰለው፤ ፈራ።

በነጋታው ማልዶ ከብቶቹን አውጥቶ ተመለሰና ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። ያለምወርቅ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እጁን አየች፤ ከዚያ በሩን። እንዝርቷ ቆመ።

«የሂዊ አባት፣ ዱላህን ከደጅ ትተኸዋል። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«አንተ ሰው ሳይሞት ዱላህን ከደጅ አታቆምም።» ደረቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «የእኔ ነው?»

«የአንቺ ነው። መርዶ ግን አይደለም። ሕክምና አለው ብለዋል።»

«መቼ ነው ያሉት?»

«በጥር።»

ያለምወርቅ ወደ ደጅ ወጣች። ዱላውን አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና «እንግዲያው ተነስ፣ የደብረ ማርቆሱ መኪና ሳያመልጠን» አለችው። መንገዱን ሁሉ ከፊት ከፊቱ ሄደች። ደምለው ከኋላዋ እየተራመደ እሪታዋን ጠበቀ። አላሰማችውም፤ ዛሬም ይጠብቃል።