በመንገዱ ጠርዝ፦ ከጋሽ ደምሴ ጋር በመንዝ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

የመሐል ሜዳውን አውቶቡስ የተሳፈርኩት በአንድ ሰው የስልክ ጥሪ ነው። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ከሃያ ዓመት በፊት መንዝ ውስጥ ጀማሪ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከመሐል ሜዳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አብረን በብስክሌት ተመላልሰናል። በኋላ እኔ ሥራ ቀይሬ ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ባለፈው ሳምንት ደወሉና፣ «ዓርብ የመጨረሻ ቀኔ ነው፤ ጡረታ መውጣቴ ነው። ያቺን መንገድ አንድ ቀን አብረኸኝ ብትነዳ ደስ ይለኛል» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ያልነገርኳቸው ነገር ግን ነበር። ደብረ ብርሃንም ቢሮ የምመላለሰው በብስክሌት ነበር። ከአራት ወር በፊት ከኋላዬ የመጣ ሚኒባስ በስፖኪዮው መትቶ ቦይ ውስጥ ጣለኝ። ሹፌሩ አልቆመም፤ ታርጋውንም ማየት አልቻልኩም። የተሰበረው ክንዴ ድኗል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮኝ ቀረ። ብስክሌቴ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ከቆመች ሰንብታለች። ባለቤቴ ትርንጎ፣ «ወይ ንዳት፣ ወይ ሽጣት» ትለኛለች። ጋሽ ደምሴን ሸኝቼ ስመለስ ልሸጣት ወስኜ ነበር የተነሳሁት።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈን ወደ መንዝ ስንዘልቅ ቀስ በቀስ ገለጠ። ቢጫ እየሆነ ያለው የበልግ ገብስ፣ በድንጋይ የተሠሩት ቤቶች፣ ሜዳው ላይ የተበተኑት በጎች አንድ በአንድ ወጡ። መዘዞ ላይ ለቁርስ ቆምን፤ በሠላሳ ብር ዳቦ በሻይ በላሁ። ብርዱ ብርጭቆውን በሁለት እጅ አስይዞኛል።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ወፍራም የሱፍ ባና የለበሱ የራቤል ሽማግሌ ነበሩ። ታሞ ደብረ ብርሃን የተኛ ወንድማቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው።

«ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አሉኝ።

«ብስክሌት ልነዳ ነው፣ አባቴ።»

«ብስክሌት? ደብረ ብርሃን መንገድ አጥታ ነው?»

«መንገድስ አለ። እዚያ ፈራሁ።»

ይህን ለማላውቀው ሰው መናገሬ ለራሴም ገረመኝ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «ከበቅሎ የወደቀ ሰው ቶሎ ካልተመለሰባት፣ ፍርሃቱ ለበቅሎዋም ይተርፋል» ብለው ባናቸውን ሳብ አድርገው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

መስኮቱን ተደግፌ የድሮውን ሳስብ ሄድኩ። በእኛ ጊዜ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ በቀን ቢበዛ ሦስት መኪና ቢያልፍ ነው። የአውቶቡሱን ሹፌር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሽ አሰፋ እንላቸው ነበር። ገና ከሩቅ ጥሩምባቸውን አጠር አጠር አድርገው ሁለቴ ይነፋሉ። አጠገባችን ሲደርሱ አቧራው እንዳይሸፍነን ቀስ ይሉና አንገታቸውን አውጥተው፣ «አስተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ?» ይሉናል። በረዶ ሲጥል ብስክሌቶቻችንን ጣሪያ ላይ ጭነው እኛን ሞተሩ አጠገብ ያስቀምጡናል። ያን ጊዜም ጭቃው፣ ውርጩ፣ በየሳምንቱ የሚፈነዳው የጎማ ካላማደሪያ አማሮን ነበር። መኪና ግን አንፈራም ነበር። የሚነዳውን ሰው እናውቀዋለን፤ እሱም ያውቀናል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መሐል ሜዳ

ጋሽ ደምሴ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ አረማመዳቸው ግን ያው ነው፣ የሱሪያቸው የቀኝ እግር ሰንሰለት እንዳይነክሰው በላስቲክ ታስሯል። ቤታቸው ስንደርስ በረንዳው ላይ ሁለት ብስክሌቶች ቆመዋል። አንዷ የእሳቸው ናት። ሌላዋ ስሄድ የተውኩላቸው ጥቁሯ ብስክሌቴ ነበረች። ጎማዋን ቀይረው፣ ፍሬኗን አጥብቀው፣ በዘይት ወልውለዋታል።

«ነገ ያለ ክላክስ አትነዳትም ብዬ ደወሏንም አሠርቻለሁ» አሉ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሽሮና ትኩስ የገብስ ቂጣ አቀረቡልን። ስንበላ ስለ ክንዴና ስለ ፍርሃቴ ነገርኳቸው። የመለሱልኝ እትዬ አስካለ ናቸው።

«መንገዱ ከሰፋ ወዲህ እኔም እንዲያ ነኝ» አሉ። «አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጆሮዬ በር ላይ ነው። የብስክሌቱን ኳኳታ ካልሰማሁ ውሃ እንኳ አይወርድልኝም። ነገ ያበቃል፣ ተመስገን።»

ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል

ከተማው መውጫ ላይ አንዲት ወጣት አስተማሪ ከብስክሌቷ ወርዳ ትጠብቀን ነበር። ሰላም ትባላለች፤ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ዘንድሮ መስከረም ላይ ተመድባ እንደመጣች ጋሽ ደምሴ ብስክሌት አስለምደዋታል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አብረው ነው የሚሄዱት።

የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር የነዳሁት ጥርሴን ነክሼ ነው። ከኋላ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬ ይኮማተራል፤ ብስክሌቷም ሳላስበው ወደ ቦዩ ትጠጋለች። ጋሽ ደምሴ አዩኝ።

«ከጠርዙ አንድ ክንድ ገባ በል» አሉ። «ጠርዝ ላይ ከተለጠፍክ የሌለህ ያህል ነው የሚቆጥሩህ። መኪና ስትሰማ ዞር ብለህ ሹፌሩን በዓይኑ እየው። ሰው መሆንህን ይወቅ።»

እንዳሉኝ አደረግኩ። አንድ የጭነት መኪና በእርጋታ ራቅ ብሎ አለፈን። ትንሽ ቀለለኝ። ፀሐይዋ በጓሳው ሣር ላይ ስትወጣ፣ ጤዛው ሲያበራ፣ የጥቁሯን ብስክሌት ደወል እንዲሁ ያለ ምክንያት ደወልኩ። ለአንድ አፍታ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ካለው ኩርባ ስንደርስ ሁለት ሚኒባሶች ከኋላችን መጡ። ቀድሞ የደረሰ ነው ከፊት ያለውን ተሳፋሪ የሚያገኘው፤ ስለዚህ ኩርባው ላይ አንዱ ሌላውን ሊቀድም ወጣ። ጥሩምባው ሳያቋርጥ ይጮሃል። መንገዱን ሁለቱ ሞሉት። ጋሽ ደምሴ «ውጡ!» ሲሉ እኔና እሳቸው ሣሩ ላይ ወጣን። ከፊት የነበረችው ሰላም አልደረሰችም። ነፋሱ ገፍቷት ይሁን ደንግጣ፣ ብስክሌቷ ቦዩ ውስጥ ተገለበጠችና እሷ ከላይዋ ወደቀች። አርማ ልትመልሳቸው የያዘቻቸው የተማሪ ደብተሮች በጭቃው ላይ ተበተኑ። ሚኒባሶቹ ሄዱ።

ያ የደብረ ብርሃኑ ቀን ተመልሶ መጣብኝ። ከዚያ ንዴቴ ፍርሃቴን ቀደመውና ድንጋይ አንስቼ ቆምኩ። የምወረውርበት መኪና ግን የለም።

«ጣለው» አሉኝ ጋሽ ደምሴ። «አንተ ነገ ትሄዳለህ። መንገዱ ላይ የምትቀረው እሷ ናት።»

የሰላም ጉልበት ተልጦ ደምቶ ነበር። ደብተሮቹን እየለቀመች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛዬ ነው። ጋሽ ደምሴ ከሌሉ እኔም እተወዋለሁ፤ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል» አለች። ጋሽ ደምሴ ብስክሌቷን ከቦዩ አውጥተው ጭቃውን ይጠርጉላት ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ስንብቱ አጭር ነበር። የአጥቢያው ቄስ መረቁ፣ ተማሪዎች ዘመሩ፣ ወላጆች ደግሞ ለጋሽ ደምሴ አንድ የሰባ ሙክት ሰጧቸው። ለብስክሌተኛ በግ መስጠት ምን እንደሚሉት እንጃ። ሁሉም ሳቀ። አማራጭ ስላልነበረን ብስክሌቶቻችንን እየገፋን፣ ሙክቱን በገመድ እየጎተትን ተመለስን።

ሙክቱ መሐል መንገድ ላይ ገግሞ ቆመ። ከትምህርት ቤቱ ማዶ የመጣ ሚኒባስ በጉን አይቶ ፍሬን ያዘ። ጠዋት ኩርባው ላይ ሊቀድም የወጣው ነጭ ሚኒባስ ነበር፤ የፊት መስታወቱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጥቅስ አስታወስኩት። ሹፌሩ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ወጣት፣ ወርዶ ጎንበስ ብሎ ጋሽ ደምሴን ጨበጠ።

«ቲቸር፣ ጡረታ ወጡ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ታምራት።» አስተምረውት ኖሯል። «ጠዋት ኩርባው ላይ ያለፍከን አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«ሦስት ብስክሌት አላየህም?»

ታምራት አንገቱን ደፋ። «ብስክሌት አይቻለሁ። እርስዎ መሆንዎን ግን አላወቅኩም፤ ባውቅማ...»

«እኔ ባልሆንስ?»

ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወደ ሰላም ዞረው፣ «ይቺ መምህርት ሰላም ናት። ከሚመጣው መስከረም ጀምሮ ብቻዋን ናት የምትሄደው» አሉ። ሰላም ጭቃ የነካው ቀሚሷን ከቁስሏ ላይ ትንሽ ከፍ አደረገች። ታምራት አየና ፊቱን አዞረ። «ይቅርታ፣ እህቴ» አለ።

«ሙክቱን ጫንልኝ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «እኛ እንነዳለን። አንተ ከኋላችን ቀስ ብለህ ና።»

በጉ ከኋላ መቀመጫ ሥር ገባ። እኛ ከፊት፣ ሚኒባሱ ሁለት ፍሬቻውን አብርቶ ከኋላ፣ በብስክሌት ፍጥነት ጉዞ ጀመርን። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ «ምነው፣ ታቦት ነው እንዴ የምንሸኘው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ታምራት ምን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ከጥቂት በኋላ ዝም አሉ። ሊቀድሙን የመጡት መኪኖችም ከሚኒባሱ ኋላ ተሰለፉ። ጋሽ ደምሴ ከጠርዙ አንድ ክንድ ገብተው፣ ቀጥ ብለው፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ነዱ። እኔም ከሞተሩ ድምፅ ፊት ፊት መሄዴን የረሳሁበት ጊዜ ነበር።

ያላሰብነው ነገር የገጠመን ቤታቸው በር ላይ ነው። ሙክቱን ሊያወርድ ታምራት ቀደም ብሎን ቅያሱ ውስጥ ገባ። እትዬ አስካለ ከብስክሌት ኳኳታ ይልቅ የመኪና ድምፅ ሰምተው ወጡ። መኪናውን አዩ፣ ሹፌሩ ከኋላ በር ሲከፍት አዩ፣ ባላቸውን አላዩም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እኛ ስንደርስ ታምራት ፊታቸው ቆሞ፣ «ደህና ናቸው እማዬ፣ በግ ነው ያመጣሁት፣ ደህና ናቸው» ይላል። ጋሽ ደምሴ ብስክሌታቸውን ጥለው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«አለሁ፣ አስካለ። አለሁ።»

እትዬ አስካለ የባላቸውን ክንድ ይዘው አልለቅም አሉ። ታምራትም ተሳፋሪ እየጠበቀው፣ ከዚያ በር ንቅንቅ ሊል አልቻለም።

ቅዳሜ፣ መልስ

በታምራት ሚኒባስ፣ ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ ተመለስኩ። ብዙ አላወራንም። ሞላሌን እንዳለፍን፣ «ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ሲቀመጡ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ቆየት ብሎ፣ «ባለመኪናው ምልልስ ይቆጥርብኛል። ተሳፋሪው ንዳው ንዳው ይላል። ቃል አልገባልህም፤ ኩርባ ላይ ግን ሁለተኛ አልቀድምም» አለኝ። ከኋላችን አንድ ሰው ወዲያው፣ «ምነው ተኛህ፣ ንዳው እንጂ» አለ። ሳስበው እኔም ስንት ጊዜ እንዲህ ብያለሁ።

የጋሽ አሰፋ ዘመን አይመለስም። መኪናው በዝቷል፣ ሰውም ይቸኩላል። መንዝ ደርሼ ስመለስ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ጊዜ ያተረፈን ጠጠሩ ብቻ አልነበረም፣ መተዋወቁም ነበር። ሰላም በመስከረም ብስክሌቷ ላይ ትወጣ እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ግን እስከዚያው ሹፌሮቹን መናኸሪያ ድረስ እየሄዱ ሊያስተዋውቋት ነው። የጡረታ ሥራቸው እሱ ሆኗል።

ቤት ስገባ ትርንጎ፣ «እህ፣ ልትሸጣት ነው?» አለችኝ።

«ሰኞ እነዳታለሁ» አልኳት። ደስ አላላትም፤ አልተቃወመችኝምም።

ሰኞ ጠዋት ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ወጣሁና በመንገዴ ላይ ካለው የሚኒባስ ተራ ስደርስ ከብስክሌቴ ወረድኩ። አምስት ሹፌሮች ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ከእነሱ መካከል ያ የመታኝ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አልጠየቅኩምም። በየቀኑ በዚህ በኩል በብስክሌት እንደማልፍና መተዋወቅ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ተያዩ፤ አንዱ ሳቅ አለ። ከሁሉም ጎልማሳው ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋልኝ።

«ማን ልበል?» አለኝ።

ስሜን ነገርኩት።