ቅዳሜ ጠዋት የማትነሳው ሚኒባስ

ሮቤ ጋራዥ የገባሁ ዕለት የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ባትሪ ማውለቅ ነበር። ከኮሌጅ ገና መመረቄ ነው፤ ኩራቴ ከደመወዜ ይበልጥ ነበር። ፕላሱን ቀድሜ ልፈታ ስል መፍቻው የመኪናውን አካል ነካና ብልጭ አለ። ከእጄ አምልጦ ሞተሩ ሥር ገባ። አለቃዬ ጋሽ በየነ አልተቆጡም። “ስትፈቺ ነጌቲቩ ይቀድማል፣ ስትገጥሚ ፕላሱ” አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጋሽ በየነ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የሸበቱ ሰው ናቸው። አልነሳ ያለ መኪና ሲመጣላቸው ቶሎ መለኪያ አያነሱም። ቁልፉን ያስዞራሉ፣ ከዚያ የባትሪውን ሁለት ራሶች በእጃቸው ይዳስሳሉ። የጋለ ካለ ኬብሉ ላልቷል ወይም ራሱ ቆሽሿል። በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ፍቀው፣ ግራሶ ቀብተው ሲያጠብቁት መኪናው ይነሳል። አዲስ ባትሪ ሊገዛ የመጣ ስንቱ ሰው በአሮጌው ባትሪ እየሳቀ ሲሄድ አይቻለሁ።

እኔን ያስተማረችኝ ግን የሐጂ ኡስማን ሚኒባስ ናት። ሐጂ የዲንሾ የገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ሹፌራቸው ጀማል ይባላል። መኪናዋ ሳምንቱን ሮቤ እያደረች ትሠራለች። ሐሙስ ማታ ዲንሾ የሐጂ ግቢ ትገባለች። አርብ አትሠራም፤ ቅዳሜ ጠዋት ጀማል መጥቶ ያስነሳታል።

አዲስ ባትሪ የገጠምኩላት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ወር ቅዳሜ ቅዳሜ አልነሳ አለች። ሁለት ቅዳሜ ሰው ገፍቶ አስነሳት። በሦስተኛው ሐጂ ራሳቸው ከጀማል ጋር አስገፍተው ይዘዋት መጡ። ጋሽ በየነ አንገቱ ከተማ ተበላሽቶ የቆመ የቡና መኪና ሊጠግኑ ሄደው ነበር።

ሞተሩን አጥፍቼ መልሼ ቁልፉን ሳዞር ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር ወይ ፍንክች። ባትሪው ላይ የነበረው ወረቀት ተልጧል። አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ “አዲስ ባትሪ በሁለት ወር እንዲህ አይሆንም። ይሄ እኔ የገጠምኩት አይመስለኝም” አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ግቢው ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። ሐጂ ወደ ጀማል ዞሩ።

“ባትሪዬን ሸጠህ አሮጌ ሰካህብኝ?”

“ዋላሂ ሐጂ፣ እኔ አልነካሁትም!”

አላመኑትም፤ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉትና መኪናዋን እኛ ጋ ተዉአት። ስድስት ዓመት የነዳትን መኪና ትቶ በእግሩ ወጣ። ዲንሾ ትንሽ ከተማ ናት። ባትሪ ሸጠ ለተባለ ሹፌር መኪናውን የሚያምን ባለንብረት አይገኝም።

ሰኞ ጋሽ በየነ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎበዝ የምባል መስሎኝ ነበር።

“ስትገጥሚ የባትሪውን ቁጥር መዝግበሻል?”

“አልመዘገብኩም።”

“ታዲያ በምን አወቅሽ?”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባትሪውን ቻርጅ አደረጉት። ዲናሞው በደንብ እንደሚሞላ ለኩ። ከዚያ መኪናዋን ግቢያችን አሳደሯት። ሦስት ጠዋት በተከታታይ በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

“የዲንሾ ብርድ ይሆናላ፣ ጋሼ” አልኩ።

“ብርድ ባትሪን ያደክመዋል እንጂ አይጠጣውም። አንድ ነገር እየጠጣው ነው፤ ያም ነገር ያለው ዲንሾ ነው።”

በማግስቱ ጠዋት ይዘናት ሄድን። “ሐጂ፣ አካም ቡልታን? እንዴት አደሩ?” አሉ ጋሽ በየነ። “ሐሙስ ማታ እንዴት አድርገው እንደሚያሳድሯት አሁን ያሳዩን። አንድም ነገር እንዳይቀር።”

ሐጂ ገረማቸው፤ ቢሆንም ወፍራም ሸራ አመጡ። ለመኪናዋ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ውርጩ ከገባ ወዲህ እንደሚያደርጉት፣ ብርድ እንዳይነካት ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ አለበሷት። ነፋስ እንዳይገልጠው ደግሞ የሸራውን ጫፍ በኋላው በር ውስጥ ከተው በሩን ገፋ አደረጉት።

ጋሽ በየነ ተንበርክከው ሸራው ሥር ገቡ። ጥቂት ቆይተው “ሙና፣ ነይ” አሉኝ። ገባሁ። ቀን ቢሆንም ውስጡ ጨለማ ነው። በመስታወቱ ሳይ ሁለቱ የጣሪያ መብራቶች ቦግ ብለው በርተዋል። ሸራው በሩን ጥርቅም ብሎ እንዳይዘጋ ከልክሎታል፤ በሩ ክፍት ከሆነ መብራቱ አይጠፋም። ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሲበራ ይቆያል፤ በላዩ ላይ ብርዱ አለ። ጀማል ሸራውን በሚያነሳበት ሰዓት ባትሪው አልቆ፣ መብራቱም ጠፍቷል። እንዴት ይየው?

ያን ጊዜ በእኚህ ሰው ኮራሁ፤ በራሴም አፈርኩ።

ሐጂም ገብተው አዩ። “አስታግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ” ሲሉ ሰማኋቸው። ጋሽ በየነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ይሄን ያየነው ሦስታችን ብቻ ነን፣ ሐጂ። ጀማል ሌባ የተባለው ግን በሰው ፊት ነው” አሏቸው።

ሐጂ አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ሚኒባስ መቆሚያው ሄዱ። ተከተልናቸው። ጀማል ከሹፌሮች ጋር ቆሟል።

“ባትሪውን የጨረስኩት እኔው ነኝ። ጀማል ንጹሕ ነው” አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። “አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ ልጄ።” ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት።

“አውፍ ብያለሁ፣ ሐጂ” አለ ጀማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “እናቴ ግን ሠርግም ለቅሶም መሄድ ትታለች፣ ሙና። ከሰው ፊት አፍራለች።”

ጋሽ በየነ “ሂጂ” አሉኝ።

“አብረን አንሄድም?”

“እኔ በጀማል ላይ ምን ብያለሁ?”

ብቻዬን ሄድኩ። የጀማል እናት አዴ ፋጡማ በር ላይ ወጡ። “እናቴ፣ ልጅዎ ምንም አልወሰደም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ” አልኩ። የተናገርኩት ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

“ጮክ በይ” አሉኝ።

ጆሯቸው የከበደ መስሎኝ ጠጋ ብዬ ደገምኩት።

“እኔማ ልጄን አውቀዋለሁ! ከአጥሩ ወዲያ ያሉት እንዲሰሙ ነው። ጮክ በይ!”

ጮህኩ። ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣ ሴት ቀና ብላ አየችን። አዴ ፋጡማ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከበሩም ዞር አሉልኝ። “አሁን ግቢ” አሉኝ።

ዛሬ ጋሽ በየነ ጡረታ ወጥተዋል፤ እኔም የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ። ባትሪ ስገጥም ቁጥሩን እመዘግባለሁ። ባትሪ ወረደ ሲሉኝ መኪናው የት እንዳደረና ማን እንደዘጋው እጠይቃለሁ። ባትሪውን የጨረሰውን ነገር በዓይኔ ሳላይ የሰው ስም አላነሳም።