ፊት ለፊት፣ ኦዲል ቤት

በሰሜን ፈረንሳይ፣ በቲየራሽ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ማየት የፈለገ መጀመሪያ የሰው በር ማንኳኳት አለበት። በቡርሌ መንደር የሚንኳኳው የኦዲል ካርሊየ በር ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ቁልፉ ፊት ለፊት፣ ኦዲል ቤት ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ኖሯል። እንግዳ ሲመጣ ሽርጧን ፈትታ፣ ያንን ከባድ ቁልፍ አንጠልጥላ ትወጣለች። የጡቡን ግንብ፣ የጠመንጃ መተኮሻ ቀዳዳዎቹን፣ ድሮ የስፔን ወታደር በመጣ ቁጥር መንደርተኛው ከነዶሮው የሚሸሸግበትን ፎቅ ታሳያለች። ደንዳና ሰው ካየች ደግሞ አታልፈውም፤ «ደረጃው ጠባብ ነው፤ ከተቀረቀሩ እስከ እሁድ ቅዳሴ የሚያወጣዎት የለም» ትላለች።

ባሏ ከሞተ ወዲህ በሯን የሚያንኳኳው እንግዳ ብቻ ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ግንቦት ላይ ከንቲባው ሬጂ መጣ።

«ማዳም ኦዲል፣ እንግዲህ ይረፉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ አስገጥመናል። ጠዋት በራሱ ይከፈታል፣ ማታ በራሱ ይዘጋል።»

«በራሱ ያስጎበኛል?»

«እሱን እኔ እሠራዋለሁ።»

«አንተ? ደወል ቤቱ ውስጥ ጠፍተህ ስታለቅስ አዝዬህ የወረድኩት ልጅ?»

ሬጂ ሳቀ፤ ግን አሮጌውን ቁልፍ ተቀብሎ፣ ወረቀቱንም ገንጥሎ ሄደ። ኦዲል ክፉኛ ከፋት። ያን ቀን ሽርጧን ሳትፈታ ዋለች።

ሐምሌ ላይ፣ በአዲሱ ቁልፍ ምርቃት ዕለት፣ ሬጂ አሥራ ሁለት እንግዶች ይዞ ገባ። የጥንት ሰዎች እንዴት በር ይዘጉ እንደነበር ላሳያችሁ ብሎ፣ በግድግዳው ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛውን ወፍራም የእንጨት መወርወሪያ ጎትቶ በበሩ ጀርባ አሳለፈው። መወርወሪያው ገባ፤ አልመለስ አለ። በየሰኔው ያንን እንጨት በሰም የምታሸው ኦዲል ነበረች፤ ዘንድሮ የጠየቃት የለም። አዲሱ ቁልፍ «ተከፍቷል» ብሎ አረንጓዴ መብራት ያበራል፤ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

ኦዲል በኩሽናዋ መስኮት የከንቲባውን አፍንጫ በጠመንጃው ቀዳዳ ብቅ ብሎ አየችው።

«ማዳም ኦዲል! ይድረሱልን!»

«ምነው፣ ስፔኖች መጡ?»

«ኧረ አይቀልዱ! ተዘግቶብናል!»

ደስ አላት፤ ለመደበቅም አልሞከረችም። ተረጋግታ መንገዱን ተሻገረች፣ አፏንም ወደ በሩ አስጠጋች።

«አትታገለው! ሁለት ሰው በሩን ወደ እኔ ይግፋ። አንተ ጫፉን ከፍ አድርገህ ወደ ጉድጓዱ መልሰው። ከፍ! አልበላህም እንዴ ዛሬ?»

መወርወሪያው እያጓራ ተመለሰ። ሬጂ አቧራ ለብሶ ወጣና አሮጌውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት።

«ይውሰዱት። አጥፍቻለሁ።»

«ያዘው፤ ከባድ ነው፣ እጄን ያመኛል። ወረቀቱን መልሰህ ለጥፍልኝ።»

«ያለ ቁልፉ? ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሬጂ፣ እኔ የምፈልገው በሬን የሚያንኳኳ ሰው ነው።»

ከንቲባው ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ በሬጂ የእጅ ጽሑፍ «ክፍት ነው፤ መጀመሪያ ግን ፊት ለፊት ኦዲል ቤት አንኳኩ» ይላል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተንኳኳ።

«መጣሁ!» አለች ኦዲል፣ ሽርጧን እየፈታች።